ከጆሮ ወሰን ማዶ
ስለ አንድ የምድር ሙዚቃና ስለ መለኪያዎቻችን

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ስለ ሙዚቃ ለመናገር የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ምክንያቱን መግለጽ ይገባዋል። የእኔ ምክንያት አጭር ነው። ዛሬ የማነሣላችሁ የሙዚቃ ሥራ ስለ ምድር የተደረሰ ነው፤ ደራሲውም በይበልጥ የታወቁት ለፊልም በደረሱት ሙዚቃ ነው፤ ነገር ግን ሰውዬው በትምህርታቸው የሳይንስ ሰው ስለሆኑ፣ በሙዚቃው አማካይነት ያነሡት ጥያቄ ከቲያትር ቤት ይልቅ ወደ ቤተ ሙከራ የሚያመራ ሆኗል። ጥያቄውም እኛ ዘወትር የምንፈጽመውን፣ ግን እምብዛም የማንመረምረውን አንድ ተግባር ይመለከታል። ይኸውም ወሰን መወሰን ነው። የትኛውን ምልክት እናሳልፋለን? የትኛውን እናግዳለን? የትኛውን እንለካለን? የትኛውንስ ከቁጥር ሳናስገባ እንተዋለን? ወሰኑን አንዴ ካሰመርን በኋላ፣ መስመሩ የእኛ ውሳኔ መሆኑን ረስተን የተፈጥሮ ሕግ አድርገን መቁጠር እንጀምራለን። በዚህ ንግግር ላሳይ የምሞክረው ይህን ነው።

፩. ሰዎቹና ማኅበራቸው

ሥራው «ኤኮፎኒ ጋያ» ይባላል። በአልበም መልክ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ደራሲው ሾጂ ያማሺሮ በሚል የጥበብ ስም የሚጠሩት ጃፓናዊው ጹቶሙ ኦሃሺ ሲሆኑ፣ ሥራውን ያቀረበው ደግሞ እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1974 የመሠረቱት «ጌይኖ ያማሺሮጉሚ» የተባለው የኪነት ማኅበር ነው። ኦሃሺ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። በቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ግብርና ሲሆን፣ ዶክትሬታቸውንም ያገኙት በዚሁ ዘርፍ ነው።

የማኅበሩ አባላት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ በሙዚቃ እንጀራቸውን የሚያበስሉ አልነበሩም። ተማሪዎች፣ ሐኪሞች፣ ጋዜጠኞች፣ ነጋዴዎች፣ እንዲሁም መሐንዲሶች ነበሩ። ቀን በየሥራቸው ውለው፣ ማታ ተሰብስበው የሩቅ አገር ሕዝቦችን የአዘማመር ስልት ያጠኑ ነበር። የቡልጋሪያን የገጠር ሴቶች ዝማሬና የጆርጂያን በልዩ ልዩ ድምፅ የተደራረበ አዘማመር ተምረው አቅርበዋል። በተለይ ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች አንዷ የሆነችውን የባሊን ሙዚቃ ለረጅም ዓመታት አጥንተዋል። በክብ ተቀምጠው በድምፅ ብቻ የሚያሰሙትን «ኬቻክ» የተባለውን የባሊ የጋራ ትርኢት በቶኪዮ ሕንፃዎች መካከል በአደባባይ ሲያሳዩ ቆይተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1986 «ኤኮፎኒ ሪኔ» የተባለው ሥራቸው ወጣ። «ኤኮፎኒ» የሚለው ቃል ሥነ ምኅዳርንና ሲምፎኒን በማጣመር የተፈጠረ ሲሆን፣ «ሪኔ» ደግሞ በቡድሃ እምነት የልደትንና የሞትን ዑደት የሚያመለክት ነው። ሥራው በአራት ክፍል ተከፍሎ ከመብቀል ወደ መርገፍ፣ ከመርገፍ ወደ ጨለማ እንቅልፍ፣ ከዚያም ወደ ዳግም ልደት ይጓዛል። ይህን ሥራ ከሰሙት መካከል አንዱ የሥዕል ታሪክ ደራሲና የፊልም አዘጋጅ ካትሱሂሮ ኦቶሞ ነበሩ። ኦቶሞ ያዘጋጁት ለነበረው «አኪራ» ለተባለው በሥዕል የሚንቀሳቀስ ፊልም ሙዚቃውን እንዲደርስላቸው ይህንኑ ማኅበር መረጡ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1988 ታየ። የወደፊቷን ቶኪዮ፣ ጥፋቷንና ዳግም መነሣቷን የሚያሳየው ይህ ፊልም በቀርከሃ መሣሪያ ምት፣ በቡድሃ መነኮሳት ዜማ፣ በጃፓን የኖህ ቲያትር አዘማመርና በኤሌክትሮኒክስ ድምፅ ታጅቦ በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ። ሾጂ ያማሺሮ የሚለው ስም ከጃፓን ውጭ የታወቀው በዚህ ነው። «ኤኮፎኒ ጋያ» የመጣው ከፊልሙ ሁለት ዓመት በኋላ ነው።

፪. የቀርከሃው ቅኝትና የኮምፒውተሩ ቅኝት

ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት፣ ይህ ማኅበር ከ«ሪኔ» ጀምሮ የገጠመውን አንድ የቴክኒክ ችግር ማንሣት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የወሰን ጥያቄ መጀመሪያ የተነሣው በዚህ ቦታ ነው።

የባሊ የሙዚቃ መሣሪያዎች ስብስብ ጋሜላን ይባላል። አብዛኛው በመዶሻ የሚመታ የነሐስ ሰሌዳና ደወል ነው። በምዕራብ ባሊ በሚገኘው በጀምብራና አውራጃ ደግሞ ጄጎግ የተባለ ከቀርከሃ ብቻ የሚሠራ ዓይነት አለ፤ ትልልቆቹ የቀርከሃ ቱቦዎች እስከ ሦስት ሜትር ይረዝማሉ። የጋሜላን ልዩ ባሕርይ እያንዳንዱ ስብስብ የራሱ ቅኝት ያለው መሆኑ ነው። የአንዱ መንደር ሰሌዳ ከሌላው መንደር ስብስብ ጋር ተቀላቅሎ አይመታም። ከዚህም በላይ፣ በባሊ መሣሪያዎቹ ጥንድ ሆነው ይሠራሉ፤ አንደኛው ሆን ተብሎ ከሌላው ጥቂት ከፍ ተደርጎ ይቃኛል። ለምሳሌ አንዱ በሴኮንድ 200 ጊዜ፣ ሁለተኛው 207 ጊዜ ቢርገበገብ፣ ሁለቱ በአንድነት ሲመቱ በሴኮንድ ሰባት ጊዜ የሚነሣና የሚወድቅ ሞገድ ይሰማል። የእኛ ሙያ ይህን የሁለት ተቀራራቢ ድግግሞሾች ልዩነት ይለዋል፤ የባሊ አንጥረኛ ግን ድምፁ ሕይወት ያገኘው በዚህ ነው ይላል። ሞገድ የሌለው ሰሌዳ ለእርሱ የሞተ ሰሌዳ ነው።

በዚያን ጊዜ በገበያ የነበሩት ሲንተሳይዘሮች የተሠሩት ለአውሮፓ ቅኝት ነበር። በዚህ ቅኝት ስምንትዮሹ በአሥራ ሁለት እኩል እርከኖች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ እርከን ካለፈው በ1.0595 እጥፍ ይበልጣል። መሣሪያውን የነደፈው መሐንዲስ ይህን ሲወስን ክፉ አላሰበም፤ የሚያውቀውን ሙዚቃ ወሰን መሣሪያው ውስጥ አስቀመጠ እንጂ። ውጤቱ ግን የባሊ ቅኝት በመሣሪያው ላይ ቦታ የሌለው መሆኑ ነበር። የያማሺሮጉሚ አባላት ቀርከሃውን ለመሣሪያው ብለው አልጠረቡትም። ፕሮግራም አጻጻፍ ራሳቸው ተምረው መሣሪያውን ለቀርከሃው ቃኙት።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ክራር በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ሲቃኝ፣ አውታሮቹ የሚቆሙበት ቦታ የሚወሰነው በተጫዋቹ ጆሮ ነው። ኪቦርድ ከክራር ጎን ሲቆም፣ ከሁለቱ አንዱ ለሌላው እሺ ማለቱ አይቀርም። ብዙውን ጊዜ እሺ የሚለው ክራሩ መሆኑን የሚያስተውል ሰው ግን ጥቂት ነው።

፫. ጋያ

አሁን ወደ አልበሙ ስም እንምጣ። ጋያ በጥንታዊት ግሪክ እምነት የምድር እናት ስም ነው። ስሙን ወደ ሳይንስ ያመጡት እንግሊዛዊው ጄምስ ላቭሎክ ናቸው፤ ስሙን የመረጡላቸው ጎረቤታቸው የነበሩት ደራሲ ዊልያም ጎልዲንግ ነበሩ። ላቭሎክ በሙያቸው የመለኪያ መሣሪያ ሠሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 የፈለሰፉት የኤሌክትሮን መያዣ መለኪያ በአየር ውስጥ ያለን እጅግ አነስተኛ የኬሚካል መጠን ለማወቅ አስችሏል። ከማይክሮባዮሎጂ ሊቋ ከሊን ማርጉሊስ ጋር በ1970ዎቹ ያቀረቡት ሐሳብም፣ በምድር ላይ ያለው ሕይወት ከአየሩ፣ ከውቅያኖሱና ከአለቱ ጋር ተያይዞ ለሕይወት የሚስማማውን ሁኔታ በግብረ መልስ ይጠብቃል የሚል ነበር። የቁጥጥር ምሕንድስና ለተማረ ሰው ይህ ቋንቋ ወዲያው ይገባዋል፤ ሙቀት ሲጨምር የሚዘጋ፣ ሲቀንስ የሚከፍት መቆጣጠሪያ ማለት ነው። ልዩነቱ እዚህ መቆጣጠሪያውን የነደፈ መሐንዲስ አለመኖሩ ነው። ሐሳቡ ብዙ ተቃውሞ ገጥሞታል፤ ቢሆንም ምድርን እንደ አንድ የተያያዘ ሥርዓት የሚመለከተውን የዛሬውን ሳይንስ ለማነሣሣት ረድቷል።

«ኤኮፎኒ ጋያ» የተሰየመው በዚህ ስም ነው። እንደ «ሪኔ» አራት ክፍሎች አሉት፤ የመጀመሪያው ትርምስ፣ ሁለተኛው ፍጥረት፣ ሦስተኛው ጥፋት፣ አራተኛውም ጋያ ራሷ ናት። የሰው ድምፅ፣ የቀርከሃና የነሐስ መሣሪያዎች፣ በኤሌክትሮኒክስ የተቀናበሩ ድምፆች አንዱ በሌላው ላይ ይነባበራሉ። በሥራው ውስጥ ሌላውን ሁሉ የሚመራ ብቸኛ ዘማሪ የለም። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። ምድርን የሚገልጽ ሙዚቃ አንድ ጀግናና አጃቢዎቹ ሊሆን አይችልም፤ እያንዳንዱ ድምፅ በሌላው ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድርበት ሥርዓት ሊሆን ይገባል።

የዓለምን ልዩ ልዩ ሕዝቦች ሙዚቃ አሰባስበው በአንድ አልበም የሚያቀርቡ ብዙዎች ናቸው። ብዙዎቹም ከየአገሩ ቁንጥር እያነሡ እንደ ቅመም ይነሰንሱታል። ያማሺሮጉሚን ከእነዚህ የሚለየው ቅኝቱን፣ የአዘማመር ስልቱንና የአመታት ሥርዓቱን ከመሠረቱ ለዓመታት መማሩ ነው። ቢሆንም አንድ ጥያቄ መጠየቅ ተገቢ ነው። የባሊ መንደር ሙዚቃ የሚመታው ለቤተ መቅደስ በዓል፣ ለቀብር፣ ለመከር ነው፤ የቶኪዮ ስቱዲዮ ይህን አውድ ሊይዘው አይችልም። አልበሙ የባሊን ሕይወት አያሳይም፤ የቶኪዮ ሰዎች ከባሊ የተማሩትን ያሳያል። ይህን ለይቶ ማወቅ ሥራውን አያሳንሰውም።

፬. 44,100 ከየት መጣ?

ኦሃሺ የሙዚቃ ሥራዎቻቸውን ያወጡበት ጊዜ የሸክላው ዘመን አብቅቶ የሲዲው ዘመን የሚጀምርበት ነበር። ሲዲ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ኦሃሺ እንደሚያስረዱት፣ ከአንድ ምንጭ የተዘጋጀውን የራሳቸውን ሥራ በሸክላና በሲዲ አነጻጽረው ሲሰሙ ልዩነት አገኙ። ሲዲው ጥርት ያለ ቢሆንም አንድ ነገር ጎድሎታል አሉ። እንደ ሙዚቃ ደራሲ ቢሆን ይህን ተናግረው ባበቁ ነበር። እንደ ሳይንስ ሰው ግን ጎደለ ያሉት ነገር ምን እንደሆነ መጠየቅ ነበረባቸው።

ሲዲ ድምፅን የሚመዘግበው በሴኮንድ 44,100 ናሙና በመውሰድ ነው። በናሙና ሕግ መሠረት በዚህ መጠን ሊመዘገብ የሚችለው ከፍተኛው ድግግሞሽ የናሙናው ቁጥር እኩሌታ ነው፤ ስለዚህ ከ22,050 ሄርዝ በላይ ያለው ሁሉ ከመመዝገቡ በፊት በማጣሪያ ተቆርጦ ይቀራል። የሰው ጆሮ በጤናማ ወጣትነት ዘመን የሚሰማው ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ያህል ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ የላይኛው ወሰን ዝቅ ይላል። ስለሆነም 44,100 ለጆሮ በቂ ነው፤ ለማጣሪያውም ጥቂት ትርፍ ይተዋል።

ይህ ማብራሪያ ትክክል ነው፤ ሙሉ ግን አይደለም። 40,000 እንዲያ ባለ ስሌት ሊመጣ ይችላል፤ 44,100 ግን ለምን? መልሱ ያለው በጆሮ ሳይሆን በቴሌቪዥን ውስጥ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ብዙ ዲጂታል መረጃ ሊይዝ የሚችለው በቀላሉ የሚገኘው ማሽን የቪዲዮ ቴፕ መቅረጫ ነበር። ድምፁ በቪዲዮ ምስል መስመሮች ውስጥ ተደርድሮ ይቀረጽ ነበር። በሴኮንድ 60 ገጽ በሚያሳየው ሥርዓት በእያንዳንዱ ገጽ 245 ጠቃሚ መስመሮች፣ በእያንዳንዱ መስመርም ሦስት ናሙናዎች ይቀመጣሉ፤ ስልሳን በ245፣ ውጤቱንም በሦስት ብናባዛ 44,100 ይሆናል። በሴኮንድ 50 ገጽ በሚያሳየው በአውሮፓው ሥርዓት ደግሞ 294 መስመሮች አሉ፤ 50 ጊዜ 294 ጊዜ 3 አሁንም 44,100 ነው። ቁጥሩ የተመረጠው ሁለቱን የቴሌቪዥን ሥርዓቶች ስለሚያስታርቅና ከጆሮ ወሰን በላይ ስለሆነ ነው።

ባልደረቦቼ፣ ይህን የማነሣው ሲዲን ለመንቀፍ አይደለም። በነበረው መሣሪያ የተሠራ ብልህ የምሕንድስና ውሳኔ ነው። ነገር ግን ውሳኔ መሆኑን ልብ እንበል። ከጊዜ በኋላ ብዙ ሰው 44,100ን የሰው ተፈጥሮ የደነገገው ቁጥር አድርጎ ሲጠቅሰው ይሰማል። ቁጥሩ በቪዲዮ ቴፕ ውስጥ አልፎ እንደመጣ የሚያስታውስ ግን የለም።

፭. የኦሃሺ ሙከራ

ከጋሜላን የሚወጣው ድምፅ በተገቢው ማይክሮፎን ሲለካ ከ20,000 ሄርዝ በጣም ከፍ ብሎ ይገኛል። መዶሻ ነሐስን ሲመታ ከዋናው ድምፅ በላይ እጅግ ብዙ ጥቃቅን እርግብግቢቶች ይነሣሉ። እነዚህ ከፍተኛ ድግግሞሾች በአየር ውስጥ ሩቅ አይሄዱም። በ40,000 ሄርዝ አካባቢ አየር በእያንዳንዱ ሜትር ከአንድ ዴሲቤል በላይ ይውጣል፤ ድግግሞሹ ሲጨምር ውጦሹም ይጨምራል። ስለዚህ በሰሌዳው አጠገብ የተቀመጠው መቺ የሚያገኘውን፣ በአዳራሹ ኋላ የተቀመጠው ተመልካች አያገኘውም።

ኦሃሺና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2000 በአንድ የነርቭ ፊዚዮሎጂ መጽሔት የምርምር ውጤታቸውን አሳተሙ። የባሊ ጋሜላን ቅጂ ወስደው ድምፁን በሁለት ከፈሉት፤ አንደኛው የሚሰማው ክፍል፣ ሁለተኛው ከጆሮ ወሰን በላይ ያለው ክፍል ነው። ሁለቱን በየራሳቸው ማጉያና ድምፅ ማውጫ አሰሙ። ከዚያም የተሳታፊዎቹን የአንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድና የደም ዝውውር ለኩ። ያቀረቡት ውጤት እንዲህ ነው። ከፍተኛው ክፍል ብቻውን ሲቀርብ ተሳታፊዎቹ ድምፅ መኖሩን አላወቁም፤ በአንጎላቸውም ላይ ለውጥ አልታየም። የሚሰማው ክፍል ብቻውን ሲቀርብም የተለየ ነገር አልነበረም። ሁለቱ በአንድነት ሲቀርቡ ግን አልፋ የተባለው የአንጎል ሞገድ ጨመረ፤ በአንጎል ግንድና በግራው ታላመስ ያለው የደም ዝውውርም ከፍ አለ። ይህን ክስተት የሃይፐርሶኒክ ውጤት ብለው ሰየሙት። እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ከፍተኛው ክፍል በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ሲገባ ውጤቱ እንዳልታየ፣ በአካል ላይ ሲያርፍ ግን እንደታየ ገለጹ። በእነርሱ አባባል ሰውነት ጆሮ የማያውቀውን ይቀበላል ማለት ነው።

«አኪራ» እ.ኤ.አ. በ2009 በብሉ ሬይ ዲስክ ሲወጣ የጃፓንኛው ድምፅ በሴኮንድ በ192,000 ናሙና የተዘጋጀው በዚህ አስተሳሰብ ነው። ወሰኑ ከ22,050 ወደ 96,000 ሄርዝ ከፍ አለ ማለት ነው።

፮. የተቃዋሚዎቹ ሙግት

አንድ ሐሳብ ውብ ስለሆነ ብቻ እውነት አይሆንም። በዚህ ጉባኤ ፊት የአንዱን ወገን ብቻ አቅርቤ ብወርድ ለሙያችን ታማኝ አልሆንም።

የመጀመሪያው ሙግት የመሣሪያ ሙግት ነው። ማንኛውም ድምፅ ማውጫ ፍጹም አይደለም። 24,000 እና 27,000 ሄርዝ በአንድ ማውጫ ቢያልፉ፣ ማውጫው ጥቂት ከተዛባ የሁለቱ ልዩነት የሆነ የ3,000 ሄርዝ ድምፅ ይፈጠራል፤ ይህንንም ጆሮ በደንብ ይሰማዋል። አሺሃራና ኪርዩ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ከፍተኛዎቹን ድምፆች በየተለያዩ ማውጫዎች ሲከፋፍሏቸው አድማጮች ልዩነቱን መለየት እንዳቃታቸው አሳይተዋል። ኦሃሺ ማጉያና ማውጫ የለያዩት ከዚህ ለመጠንቀቅ ነበር፤ ይህ ግን ተጠራጣሪዎቹን ሁሉ አላሳመነም።

ሁለተኛው ሙግት የአድማጭ ሙግት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሜየርና ሞራን የተባሉ አሜሪካውያን ከፍተኛ ጥራት ያለውን ቅጂ ከሲዲ ልክ ቅጂ ጋር በስውር እያፈራረቁ አሰሙ። ከ554 ሙከራዎች ትክክል የሆኑት 276 ነበሩ፤ ሳንቲም ተወርውሮ ከሚገኘው ውጤት አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በለንደን የሚያስተምሩት ጆሹዋ ሪስ 18 ጥናቶችን፣ በጠቅላላው ከ12,500 በላይ ሙከራዎችን በአንድነት ሲመረምሩ፣ ትክክለኛው መልስ 52.3 በመቶ ሆኖ አገኙት። ልዩነቱ ጥቂት ቢሆንም በስታቲስቲክስ ረገድ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ በቂ ሥልጠና የተሰጣቸው አድማጮችም የተሻለ ውጤት አሳይተዋል።

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መኖራቸውን መለየት ያስፈልጋል። «አድማጩ ልዩነቱን ማወቅ ይችላል ወይ?» የሚለው አንድ ነው። «አድማጩ ባያውቀውም በሰውነቱ ላይ ለውጥ ይደርሳል ወይ?» የሚለው ሌላ ነው። ኦሃሺ የተናገሩት ስለ ሁለተኛው ነው። የእርሳቸው ውጤት ከድምፁ መጀመር ዘግይቶ የሚታይ በመሆኑም፣ ቅጂዎችን ቶሎ ቶሎ ማፈራረቅ ላያሳየው ይችላል። በሌላ በኩል፣ የሁለተኛው ጥያቄ ማስረጃ በአብዛኛው የመጣው ከእርሳቸውና ከቅርብ ባልደረቦቻቸው ነው። ሙዚቃውን የደረሰው፣ ጉድለቱን የሰማው፣ ሙከራውን የነደፈውና ውጤቱን ያነበበው አንድ ሰው ሲሆን፣ ሌሎች ቤተ ሙከራዎች በነፃነት ደግመው እስኪያረጋግጡት መጠበቅ ግዴታ ነው። ይህን ማለት ሰውየውን መጠርጠር አይደለም። ድልድይ የነደፈ መሐንዲስ ስሌቱን ሌላ ሰው እንዲያይለት የሚያደርገው ራሱን ስለሚጠረጥር አይደለምና።

፯. ለእኛ የሚተርፈው

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ምን እንይዛለን? ሃይፐርሶኒክ ውጤት አለ ወይስ የለም ብሎ መፍረድ የእኔ ድርሻ አይደለም። ክርክሩ ሳይፈታ ግን አንድ ተግባራዊ መርሕ አሁኑኑ ልንወስድ እንችላለን።

ማጣሪያ ሁለት ቦታ ሊገባ ይችላል፤ በማሰሚያው ላይ ወይም በመቅረጫው ላይ። በማሰሚያው ላይ የገባ ማጣሪያ ነገ ሊነሣ ይችላል። በመቅረጫው ላይ የገባ ማጣሪያ ግን አይመለስም። የቆረጠው ለዘለዓለም ተቆርጧል። ስለዚህ ወሰኑን የት እንደምናደርግ ስንመርጥ፣ «ዛሬ ምን ያስፈልገናል?» ከሚለው ጋር «ነገ ሊጠየቅ የሚችለውን የትኛውን ጥያቄ እየዘጋሁ ነው?» ብለን መጠየቅ አለብን።

ነገሩን በቅርባችን ባለ ምሳሌ እንመልከተው። በበገና አሥር አውታሮች፣ በአውታሩና በበርኩማው መካከል እንዚራ የተባለ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። አውታሩ ቆዳውን እየነካ ሲርገበገብ የሚሰማው ያ ዝዝታ የበገና መለያው ነው። ይህ ዓይነቱ ተደጋጋሚ ንክኪ ከዋናው ድምፅ በላይ ብዙ እርከኖች ያሉት ድምፅ ይፈጥራል፤ ምን ያህል ከፍታ ድረስ እንደሚደርስ ግን የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው። በ44,100 ናሙና የተቀረጸ በገና ይህን ጥያቄ ከ22,050 ሄርዝ በላይ አይመልስም፤ ወደፊትም አይመልስም። የደርዳሪው ዕድሜ ካለፈ ደግሞ ዳግም የሚጠየቅ ሰው አይኖርም።

ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ለቅርስ ቀረጻ ቢያንስ በሴኮንድ 48,000 ናሙና፣ ከተቻለም 96,000 ናሙና፣ እያንዳንዱም በ24 ቢት እንዲሆን ይመክራል። ዋጋውን እናስላው። የሲዲ ልክ ቀረጻ በሁለት መስመር ለአንድ ሰዓት 635 ሚሊዮን ባይት ያህል ይፈልጋል። በ96,000 ናሙናና በ24 ቢት የሚቀረጸው ደግሞ 2,074 ሚሊዮን ባይት ያህል ይፈልጋል። መጠኑ ከሲዲው ሦስት እጥፍ ጥቂት ይበልጣል። በ1982 ዓለም ይህን መሸከም አይችልም ነበር፤ ዛሬ ግን በኪስ የሚያዝ ማኅደር መቶ ሰዓት ያህል ይይዘዋል። የወሰኑ ምክንያት የነበረው እጥረት ካለፈ በኋላ ወሰኑን ብቻ ይዞ መቅረት ምሕንድስና አይባልም፤ ልማድ ነው።

ይህ መርሕ በድምፅ ብቻ የሚወሰን አይደለም። የወንዝ ፍሰት በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚለካ ከሆነ፣ በሌሊት መጥቶ ያለፈው ደራሽ ጎርፍ በመዝገቡ ላይ አይገኝም። መዝገቡን የሚያነብ መሐንዲስም ወንዙ ጸጥተኛ ነው ብሎ ድልድዩን ዝቅ አድርጎ ይነድፋል። ወንዙ ግን መዝገቡን አያነብም። የኤሌክትሪክ መስመር አማካይ ጭነት ብቻ የሚመዘገብበት ማከፋፈያም እንዲሁ ነው፤ ትራንስፎርመሩን የሚያቃጥለው ለጥቂት ጊዜ ከአማካዩ በላይ የሚወጣው ጭነት ነው። በሁሉም ላይ ያለው ነገር አንድ ነው። መለኪያው ያላየው የለም ማለት አይደለም፤ አለ የሚል ሰውም ለክቶ ማሳየት ይገባዋል። ሁለቱን አብሮ መያዝ ያስቸግራል፤ የሙያችን ክብር ያለው ግን እዚያ ላይ ነው።

«ኤኮፎኒ ጋያ»ን በተመለከተ፣ ሥራው ለመደመጥ የአንጎል ምርመራ ማስረጃ አያስፈልገውም። ነገ ክርክሩ በኦሃሺ ላይ ቢፈረድ እንኳ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞችና ተማሪዎች ከቀን ሥራቸው በኋላ ተሰብስበው ስለ ምድር የሠሩት ያ ዝማሬ ዋጋው አይቀንስም። ክርክሩ ቢፈረድላቸው ደግሞ፣ ሙዚቃውን የሚያወድሱት ሁሉ ምን እያወደሱ እንደነበር በከፊል ሳያውቁት ቆይተዋል ማለት ይሆናል። በሁለቱም መንገድ፣ ምድር እኛ ባሰመርንላት መስመር አታበቃም። መስመር ሳናሰምር ደግሞ ሥራ መሥራት አንችልም። ስለዚህ እናስምር፤ ካሰመርን በኋላ ግን መስመሩን ማን፣ መቼ፣ በምን ምክንያት እንዳሰመረው በሰነዱ ላይ እንጻፍ። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ሊያሰፉት ሲፈልጉ፣ ያቆምነው ግድግዳ ሳይሆን በር መሆኑን እንዲያውቁ።